መልስ፦ «ጣፊያህ ደክሟል» ተባልኩ፤ አልትራሳውንዱ ግን ጤነኛ ነው ይላል፤ ማንን ልመን?

ጣፊያህ አልታመመም፤ አልትራሳውንዱን እመነው። በቻይናዋ ጓንጁ ከተማ ያየህ የባህል ሐኪም የነገረህ ስለ ምግብ መፈጨትህ ነው። በቻይና ባህላዊ ሕክምና ጣፊያ ከጨጓራ ጋር ተጣምሮ ምግብን «ቺ» ወደሚሉት የሕይወት ኃይልና ወደ ደም ይለውጣል፣ ጡንቻን ይመግባል፣ ደም ከሥሩ እንዳይወጣ ይይዛል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ በመሣሪያ የሚታይ ጉዳት አይፈልጉበትም።

«ደከመ» የሚሉት የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከበሉ በኋላ መነፋት፣ የላላ ሰገራና የሰውነት መዛል አብረው ሲገኙ ነው። ምላስህን አውጣ ያለህም ለዚህ ነው፤ የገረጣና ጠርዙ ላይ የጥርስ ምልክት ያለበት ምላስ አንዱ ዋና ማስረጃቸው ነው። ጭንቀት፣ ጥሬና ቀዝቃዛ ምግብ፣ እርጥበት ያዳክሙታል ይላሉ።

አሁን ሁለት ነገር አድርግ፦

1. የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የሰገራ ምርመራ አሠራ። ምላስ ማየት እነዚህን አይተካም።
2. የታዘዘልህን ዕፅ ሁሉ ስሙን አስጽፍ።

ሁለተኛውን አደራ እልሃለሁ። ለዚህ ችግር በብዛት የሚሰጠው ባለ 4 ዕፅ መድኃኒት ጂንሰንግና ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ሥር አለበት። ሊኮሪስ ሲበዛ በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም የተባለ ማዕድን ያወርዳል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። አንዲት ዘመዴ የግፊት ክኒን እየዋጠች ይህንኑ ስትጠጣ ቆይታ፣ ግፊቷ አልወርድ ያለበት ምክንያት የታወቀው ጥቅሉን ለሐኪሟ ስታሳይ ነው። የግፊት ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ዝርዝሩን ለሆስፒታሉ ሐኪም ሳታሳይ አትጀምር።