የድንጋይ ደወል በታብሌት፦ ስለ ኤፍኤም ሲንተሲስ ጥያቄና መልስ

ታብሌት ላይ በሚጫን የሲንተሳይዘር (ድምፅ ከዜሮ የሚፈጥር መሣሪያ) አፕ የኤፍኤም ድምፅ ስለመሥራት ጥያቄ ያላችሁ ላኩ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። «ምርጡ አፕ የቱ ነው?» የሚለውን ግን ሆን ብዬ ወደ ታች ገፍቼዋለሁ። ሁሉም ሰው እሱን ነው የሚያስቀድመው፤ መቅደም ያለበት ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ (ከሽምብጥ)፦ ጋሼ፣ ኤፍኤም ሲባል ያው የሬዲዮው ኤፍኤም ነው እንዴ?

መልስ፦ መርሁ አንድ ነው። ኤፍኤም ማለት ፍሪኩዌንሲ ሞዱሌሽን፣ የአንድን ሞገድ ድግግሞሽ በሌላ ሞገድ መወዝወዝ ነው። ባሕር ዳር ኤፍኤም 96.9 ስትል ጣቢያው በሰከንድ 96.9 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ይለቃል ማለት ነው። የጋዜጠኛው ድምፅ ያንን ሞገድ ትንሽ ከፍ ትንሽ ዝቅ እያደረገ ይወዘውዘዋል። ሬዲዮህ ውዝዋዜውን ፈትቶ ንግግሩን ያወጣልሃል። ሲንተሳይዘር ላይ ግን የሚወዘወዘውም የሚወዘውዘውም ጆሮ በሚሰማው ክልል ውስጥ ያሉ ድምፆች ናቸው። የሚፈታ ነገር የለም። የምንሰማው ውዝዋዜው የፈጠረውን ነው።

ተወዝዋዡ ካሪየር ይባላል፣ ወዝዋዡ ሞዱሌተር። ሁለቱም ኦፕሬተሮች ናቸው። አንድ ኦፕሬተር ማለት አንድ ንጹህ ሳይን ሞገድ ከነራሱ ኢንቬሎፕ ማለት ነው፤ ኢንቬሎፑ ድምፁ በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚወድቅ ይወስናል።

ጥያቄ (ከፔዳ)፦ አንዱ ሌላውን ስለወዘወዘው ብቻ እንዴት አዲስ ድምፅ ይወለዳል? ቪዲዮ ባየሁ ቁጥር ይባስ ግራ ይገባኛል።

መልስ፦ ቪዲዮውን ተዪውና ማሲንቆ የሚመታ ሰው ጣት ተመልከቺ። ክሩ ላይ ጣቱን በሰከንድ አምስት ስድስት ጊዜ ሲያርገበግብ ድምፁ ሲንቀጠቀጥ ይሰማሻል። በሰከንድ 100 ጊዜ ቢያርገበግብስ? ሰው አይችልም፣ ታብሌት ይችላል። ያኔ ጆሮሽ መርገብገቡን መከተል ያቅተውና የድምፁ ቀለም ተቀይሮ ይሰማዋል። ጆን ቻውኒንግ የሚባል የሙዚቃ አቀናባሪ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የደረሰበት በዚሁ መንገድ ነው። በ1967 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ቫይብራቶን በኮምፒውተር እያፈጠነ ሲሞክር ነገሩ ድንገት ሌላ ድምፅ ሆነ። ጽሑፉን በ1973 አሳተመ። የአሜሪካ ኦርጋን ሠሪዎች ሐሳቡን ሲያሳዩአቸው አልፈለጉትም፤ ያማሃ ፈቃዱን ወሰደ። በ1983 ዲኤክስ7 ወጣ፣ 6 ኦፕሬተርና 32 አልጎሪዝም ይዞ። አልጎሪዝም የሚሉት ማን ማንን እንደሚወዘውዝ የሚያሳየውን ሥዕል ነው። ዛሬ ታብሌት ላይ የምናገኛቸው የኤፍኤም አፖች አብዛኞቹ የዚያ ኪቦርድ ልጆች ናቸው።

አሁን በቁጥር እንየው። ካሪየሩ 220 ሄርዝ፣ ሞዱሌተሩ 440 ይሁን። የሞዱሌተሩን ቁጥር በካሪየሩ ላይ ደጋግመሽ ደምሪ፦ 660፣ 1,100፣ 1,540 እያለ ይወጣል። ወደ ታች ስትቀንሺ ከዜሮ በታች ይሆንብሻል፤ እሱ ተገልብጦ ይመለስና እዚያው 220 ላይ፣ 660 ላይ ያርፋል። እንግዲህ ያገኘሽው የ220ን 1ኛ፣ 3ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ ብዜት ነው። ጎዶሎዎቹን ብቻ። ክላርኔት የሚመስለው ለዚህ ነው። ሬሾውን፣ ማለትም የካሪየሩ ድግግሞሽ ከሞዱሌተሩ ጋር ያለውን ንጽጽር፣ 1 ለ 1 ካደረግሽው ሁሉም ብዜቶች ይመጣሉና ወደ ጥሩምባ ያደላል። ስለዚህ የድምፁን ዓይነት የሚወስነው ሬሾው ነው። ድምቀቱን የሚወስነው ደግሞ የሞዱሌተሩ መጠን ነው። ያንን መጠን ኢንዴክስ ይሉታል፤ አፑ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ከ0 እስከ 99 የሆነ ተንሸራታች ሆኖ ነው የምታገኚው።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክሪ። ሁለት ኦፕሬተር ብቻ ክፈቺ፣ ሌላውን ዝጊ። ካሪየር ሬሾ 1፣ ሞዱሌተር ሬሾ 5። አንድ ኖታ ይዘሽ የሞዱሌተሩን መጠን ከ0 ቀስ እያልሽ ጨምሪ። እስከ 60 ድረስ እምብዛም ለውጥ የለም። 80 አካባቢ ስትደርሺ ዋናው ድምፅ፣ የነካሽው ኖታ ራሱ፣ ይጠፋል። ዙሪያው ያሉት ብቻ ይቀራሉ። ጆሮሽ ተሳስቶ አይደለም፤ ኢንዴክሱ 2.4 ገደማ ሲሆን ሒሳቡ ካሪየሩን ዜሮ ያደርገዋል። ከዚያ ስታልፊ ተመልሶ ይመጣል። ከማንኛውም ማብራሪያ ይልቅ ይህቺ ነገር ኤፍኤምን ታስገባሻለች።

ጥያቄ (ከፖሊ፣ የኤሌክትሪካል ተማሪ)፦ ዲኤክስ7 ውስጥ ያለው በእርግጥ ኤፍኤም አይደለም፣ ፌዝ ሞዱሌሽን ነው ይላሉ። እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ሞዱሌተሩ የሚደመረው ድግግሞሹ ላይ ሳይሆን የሳይን ሠንጠረዡ የሚነበብበት ቦታ ላይ ነው። ሳይን በሳይን ሲወዘወዝ ውጤቱ ለጆሮ አንድ ነው። ጥቅሙ ኦፕሬተር ራሱን ሲወዘውዝ፣ ማለትም ፊድባክ ስትከፍት፣ ኖታው ከቦታው አይንሸራተትም። መምህርህን ለመፈተን ካልሆነ በቀር ስሙ ላይ ብዙ አትድከም።

ጥያቄ (ከዘጌ)፦ እዚህ ገዳማቱ ውስጥ ተሰቅሎ የሚመታው የድንጋይ ደወል ድምፁ ልዩ ነው። በቅጂ ሳይሆን በኤፍኤም መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ደስ ያለኝ ጥያቄም ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ኤፍኤም ለተመታ ነገር የተፈጠረ ይመስላል። የክራር ክር ሲነካ የሚወጡት ድምፆች ባብዛኛው የመነሻው ብዜቶች ናቸው። የተንጠለጠለ ድንጋይ ወይም ብረት ግን እንዲህ አይታዘዝም። በየራሱ መንገድ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፆቹ እርስ በርስ በሙሉ ቁጥር አይካፈሉም። ስለዚህ ሬሾውን ነጥብ ያለው ቁጥር እናደርገዋለን።

ቻውኒንግ ለደወል የተጠቀመው 1 ለ 1.4 ነበር። ካሪየር 200 ሄርዝ ከሆነ ሞዱሌተሩ 280 ነው። ወደ ላይ 480፣ 760፣ 1,040 ይወጣል፤ ወደ ታች ተገልብጠው 80፣ 360፣ 640 ይመጣሉ። አንዳቸውም የ200 ብዜት አይደሉም። ይህ ግን ገና ብረት ነው፣ የቤተ ክርስቲያን ትልቁ ደወል። ለድንጋዩ ሦስት ነገር ቀይር።

አንደኛ፣ ርዝመቱን። የብረት ደወል 10 እና 15 ሰከንድ ሊያስተጋባ ይችላል። ድንጋይ ቶሎ ይደርቃል። የካሪየሩን መውደቂያ ወደ ሁለት ሰከንድ አሳጥረው፣ ሰስቴይኑን (ኖታው እንደተያዘ ድምፁ የሚጸናበትን መጠን) ዜሮ አድርግ። ሁለተኛ፣ ሞዱሌተሩ ከካሪየሩ ቀድሞ ይውደቅ። መጀመሪያ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ያለችው «ቃ» የምትል ሹል ነገር የምትመጣው ከዚህ ነው። ሞዱሌተሩ በሩብ ሰከንድ ውስጥ ከ90 ወደ 50 ካልወረደ ድምፁ እንደ ድስት ክዳን ይጮሃል። ሦስተኛ፣ ካሪየሩን ወደ 500 ወይም 600 ሄርዝ ከፍ አድርገውና ሌላ ካሪየር በ1 ሄርዝ ልዩነት ጨምርበት። 600 እና 601 አብረው ሲጮሁ በሰከንድ አንድ ጊዜ እብጥ ጉድል ይላሉ። ይህቺ ትንሽ መወዛወዝ ድምፁን ከማሽንነት ታወጣዋለች።

ከዚያ የጣት ኃይሉን ሞዱሌተሩ ላይ አገናኘው። በርታ ስትል ድምፁ ከፍ ማለት ብቻ ሳይሆን መድመቅም አለበት። የታብሌት መስታወት የጣት ኃይል አይለይም፤ አንዳንድ አፕ ቁልፉን ከላይ ወይም ከታች መንካትህን እንደ ኃይል ይቆጥረዋል። ትንሽ የሚዲ ኪቦርድ ካለህ ግን በዩኤስቢ ሰካበት፣ ሌላ ዓለም ነው።

ጥያቄ (በገና የሚያስተምሩ፣ ከፋሲሎ)፦ የበገናን ድዝታ ያመጣል ወይ? ተማሪዎቼ በታብሌት ሠራን እያሉ የሚያሰሙኝ ሁሉ ጊታር ነው።

መልስ፦ መምህር፣ ጊታር የመሰለብዎት ድዝታው ስለሌለበት ነው። እርስዎ ከእኔ በላይ እንደሚያውቁት፣ በበገና ክርና ብርኩማ መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራዋ፣ ክሩ በተርገበገበ ቁጥር ትነካዋለች። ድዝታው ከክሩ ጋር እኩል ይቆያል። ልጆቹ ግን ሞዱሌተሩን እንደ ማንኛውም ክር መሣሪያ ቶሎ ያወርዱታል። ስለዚህ ከተነካ በኋላ ድምፁ ባዶ ይሆናል።

እንዲህ ይበሏቸው። አንዱ ጥንድ 1 ለ 1 ይሁን፤ እሱ ክሩ ነው። ሌላው ጥንድ ሬሾው 1 ለ 7 ወይም 1 ለ 9 ሆኖ ሞዱሌተሩ ላይ ፊድባክ ይጨመርበት። የዚህኛው ኢንቬሎፕ ወዲያው አይነሳ፣ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይምጣና ቀስ ብሎ ከካሪየሩ ጋር ይውረድ። ኖታውም ወደ ታች፣ 100 ሄርዝ አካባቢና ከዚያ በታች ይሁን። በገና አይሆንም። ግን ጊታር መሆኑ ይቀራል።

ማሲንቆስ ላላችሁኝ ሦስት ሰዎች፦ ተዉት። የደጋኑ መፋተግ በየቅጽበቱ ይለዋወጣል፤ ኤፍኤም ላይ ለዚያ የሚያስፈልገው ልፋት ከጥቅሙ ይበልጣል። ባሕር ዳር ውስጥ ማሲንቆ የሚመታ ሰው መቼ ጠፋና! ዋሽንት ግን ቀላል ነው፦ ሬሾ 1 ለ 1፣ በጣም ትንሽ ሞዱሌሽን፣ ለትንፋሹ ደግሞ ፊድባኩ እስከ መጨረሻ የተከፈተ አንድ ኦፕሬተር ከሥር ዝቅ ብሎ።

ጥያቄ (ከአባይ ማዶ)፦ ትዝታና አንቺሆዬን በዚህ አፕ ስጫወት ከክራሩ ጋር አይገጥምልኝም።

መልስ፦ ኖታዎቹን ታውቃቸዋለህ ብዬ ነው፦ ከሲ ብትነሳ ትዝታ ሜጀር ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አንቺሆዬ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላት፣ ኤ። አለመግጠሙ የሚመጣው አፑ 12ቱን ኖታ እኩል ከፋፍሎ ስለሚይዝ፣ ክራር ደግሞ በጆሮ ስለሚቃኝ ነው። ክራሩን ወደ ታብሌቱ አታምጣው። ታብሌቱን ወደ ክራሩ ውሰደው። ማስተር ቲዩን የሚለውን ፈልግና በክራሩ መነሻ ክር ልክ አስተካክል። አፑ የስኬል ፋይል የሚቀበል ከሆነ እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ መቃኘት ትችላለህ።

ሌላም አለ። የድምፅህ ሬሾ ልክ እንደ ደወሉ 1.4 ዓይነት ነጥብ ያለው ከሆነ፣ ከሌላ መሣሪያ ጋር በቀላሉ አይገጥምም። ጥፋቱ የቅኝቱ ላይሆን ይችላል።

ጥያቄ (ከዘንዘልማ)፦ ከፍ ያሉ ኖታዎች ላይ ድምፁ ይሻክራል፣ የማይገናኝ ፉጨት ይገባል። ታብሌቴ አርጅቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም። አፑ በሰከንድ 44,100 ናሙና የሚሠራ ከሆነ ከ22,050 ሄርዝ በላይ ያለውን መያዝ አይችልም። ኖታው ከፍ ሲልና ሞዱሌሽኑ ሲበዛ ከዚያ የሚያልፍ ድምፅ ይፈጠራል፣ አጥሩ ላይ ተላትሞ ወደ ታች ይመለሳል። ፉጨቱ እሱ ነው። የሞዱሌተሩ መጠን ወደ ላይኛው ኖታ በሄድክ ቁጥር እንዲቀንስ አድርግ። ኪቦርድ ስኬሊንግ ይባላል፤ ብዙ ሰው ሳይነካው የሚያልፈው ገጽ ነው።

ጥያቄ (ከሽምብጥ፣ ሁለት ሰው)፦ ጣት ካስነካሁ በኋላ ድምፁ ዘግይቶ ይመጣል።

መልስ፦ የብሉቱዝ ጆሮ ማዳመጫውን አውልቁ፣ የሽቦውን ሰኩ። አብዛኛው ያኔ ያልቃል። ከቀረ ደግሞ በፈር የሚለውን ቀንሱ፦ በሰከንድ 48,000 ናሙና ላይ በፈሩ 1,024 ናሙና ከሆነ ወደ 21 ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል፣ 256 ከሆነ 5 ገደማ ነው። ከዚያ በታች ስትወርዱ ድምፁ መቆራረጥ ከጀመረ አንድ ደረጃ ተመለሱ።

ጥያቄ (ከብዙዎች)፦ እሺ፣ አፑስ የቱ ነው?

መልስ፦ አይፓድ ያለው ኬኪው ዲክሲን ይሞክር፤ ባለ 6 ኦፕሬተር ነው፣ የዲኤክስ7ን ፋይል ያነባል። ላፕቶፕ ያለው ዴክስድን ያውርድ፤ ነፃ ነው፣ ድምፁን የሚያመነጨው ኮድም በመጀመሪያ ለአንድሮይድ ተብሎ የተጻፈ ነበር። የአንድሮይድ ታብሌት ያላችሁ ስሙን ሳይሆን ሦስት ነገር እዩ፦ የእያንዳንዱ ኦፕሬተር ሬሾ ይቀየራል ወይ? እያንዳንዱ የራሱ ኢንቬሎፕ አለው ወይ? ያለ ኢንተርኔት ይሠራል ወይ? የመጨረሻው ቀላል አይምሰላችሁ። መብራትም ኔትወርክም በጠፋበት ምሽት ነው ታብሌት ላይ ሲንተሳይዘር መኖሩ የሚጠቅመው።

ሺህ ፕሪሴት (ተዘጋጅቶ የመጣ ድምፅ) አለኝ የሚለው አፕ አያጓጓችሁ። አንዱን ፕሪሴት ከፍታችሁ ኦፕሬተሮቹን አንድ በአንድ አጥፉ። ስታጠፉት ድምፅ የሚጎድል ካሪየር ነው፣ ቀለም የሚቀየር ሞዱሌተር ነው። እንዲህ ተበትኖ የታየ አንድ ፕሪሴት ይበቃል።

ጥያቄ (ከፔዳ፣ ያቺው)፦ የሠራሁትን ለጓደኞቼ እንዴት ልላክ? ዳታ ውድ ነው።

መልስ፦ ቅጂውን አትላኪ፣ ፋይሉን ላኪ። 32 ድምፅ የያዘ የዲኤክስ7 ባንክ 4 ኪሎባይት ገደማ ብቻ ነው። ከአንድ የስልክ ፎቶ በብዙ መቶ እጥፍ ያንሳል፤ ቴሌግራም ላይ ኔትወርክ በደከመበት ሰዓት እንኳን ያልፋል። እነሱ በየአፓቸው ይከፍቱታል። አፕሽ ኤክስፖርት ላይ ሲስኤክስ የሚል ካለው እሱን ምረጪ፣ የራሱን ዓይነት ፋይል ከመረጥሽ ሌላ አፕ አይከፍተውም። ስምሽንም እያንዳንዱ ድምፅ ላይ ጻፊበት፤ 10 ፊደል ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ እሱም በላቲን።