መልስ፦ ታዲየስ ስቲቨንስ ለምን በትንሽ መካነ መቃብር ተቀበረ?

የአሜሪካ ምክር ቤት አባልና የባርነት ተቃዋሚ የነበረው ስቲቨንስ እዚያ የተቀበረው ራሱ ስለመረጠ ነው። «ያን ያህል ትልቅ ፖለቲከኛ እዚያ የተቀበረው ደኽይቶ ነው ወይስ ጠላቶቹ ከልክለውት?» ብለህ ነበር የጠየቅከው። ሁለቱም አይደለም።

በላንካስተር፣ ፔንስልቬንያ፣ የነበሩት ሌሎች መካነ መቃብሮች በደንባቸው ጥቁሮችን አይቀብሩም ነበር። ሽራይነር የምትባለው ትንሿ ግን ዘር አትለይም። በ1868 እ.ኤ.አ. ሲሞት እዚያ አረፈ።

ለጽሑፍህ የመቃብሩን ድንጋይ ተጠቀም። ቃሉን ያዘጋጀው ራሱ ነው። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ እዚህ ጭር ያለ ቦታ የተኛሁት ብቸኝነት ወድጄ አይደለም። ሌሎቹ ሰውን በዘር ስለሚለዩ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ የተሟገትኩለትን፣ የሰው ልጅ በፈጣሪው ፊት እኩል መሆኑን፣ በሞቴም ላሳይ ብዬ ነው። እኔ ይህን ባነበብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። «ከመጀመሪያው ጀምሮ የባሮች ጠበቃ ነበር» ብለህ እንዳትጽፍ። እኔ እንደዚያ ጽፌ በኋላ ለማረም ተገድጃለሁ። በ1821 እ.ኤ.አ.፣ ገና የጌቲስበርግ ወጣት ጠበቃ ሳለ፣ ለባሪያ አሳዳሪው ቆሞ ተከራክሮ ረትቷል። ቻሪቲ በትለር የተባለች እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር ነፃነቷን ያጣችው በዚያ ክስ ነው። አምልጠው ለመጡ ባሮች ጥብቅና የቆመው፣ በምክር ቤትም ባርነትን ለሻረው ለ13ኛውና ዜግነትንና በሕግ ፊት እኩልነትን ላረጋገጠው ለ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የታገለው ከዚያ በኋላ ነው። የቻሪቲን ታሪክ አትዝለለው፤ ከመቃብሩ ድንጋይ በፊት አስገባው።