ኮምፕሬሰሬ ወተት መሳይ ነገር ይተፋል

ጥያቄ፦ ልጄ በትምህርት ቤቱ የ10 ሜትር የአየር ጠመንጃ ቡድን ውስጥ ይተኩሳል። ጠመንጃው 200 ባር ግፊት ባለው አየር ይሞላል። አየር ለማስሞላት የጠላቂ ዋናተኞች ዕቃ መሸጫ ድረስ መመላለሱ ሲሰለቸኝ ከ300 ዶላር በታች አውጥቼ ከቻይና የመጣ፣ ከባልዲ በፓምፕ በሚሳብ ውሃ የሚቀዘቅዝ ባለሁለት ፒስተን ኮምፕሬሰር ገዛሁ። ከጎኑ ያሉትን ሁለት ማስተንፈሻ ብሎኖች ስከፍት ወተት የመሰለ ፈሳሽ ተረጨብኝ። የባልዲው ውሃ ከዘይቱ ጋር ተቀላቅሎ ይሆን? ማሽኑን ልመልሰው? መመሪያው ስለ ዘይቱ የሚለውም አልገባኝም።
አባት፣ ከአውሮራ፣ ኮሎራዶ

መልስ፦ አይመልሱት። ያ ፈሳሽ ከብሎኖቹ ባይወጣ ኖሮ የልጅዎ ጠመንጃ ውስጥ ይገባ ነበር።

በመጀመሪያ ጥርጣሬዎን እናጥራ። የማቀዝቀዣው ውሃና አየሩ ተገናኝተው ቢሆን፣ ማለትም የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ማሸጊያ ጓርኒሲዮን አፈትልኮ ቢሆን፣ ማሽኑ ሲሠራ ባልዲው ውስጥ አረፋ ይንተከተካል። ማሽኑን አስነስተው ባልዲውን ልብ ብለው ይመልከቱት። አረፋ ከሌለ ያዩት ውሃ ከአየሩ የመጣ ነው። ጋራዥዎ ውስጥ ያለው አየር እርጥበት ተሸክሟል፤ ውሃ የጠጣ ጋቢ ሲጨመቅ እንደሚያደርገው ሁሉ አየሩም ሲጨመቅ የተሸከመውን ይለቃል። ያ ውሃ ፒስተኑን ከሚያለሰልሰው ዘይት ጋር ሲናጥ ይነጣል።

ልኩን ላሳይዎት። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ እርጥበቱ 50 በመቶ በሆነ ቀን አንድ ሜትር ኩብ አየር ከ8 እስከ 9 ግራም ውሃ ይይዛል። የጠመንጃው የአየር ቱቦ 200 ሲሲ ቢሆን፣ በ200 ባር ሲሞላ 40 ሊትር ያህል አየር ይገባበታል። በዚያ ውስጥ ያለው ውሃ የግራም ሲሶ ቢሆን ነው፤ ጥቂት ጠብታ። ጠብታዋ ግን በየሙሌቱ ትመላለሳለች፤ ብረቱን ታዝጋለች፣ አሉሚኒየሙን ትበላለች። ባለ 6.8 ሊትር የካርቦን ፋይበር ታንክ በ300 ባር የሚሞላ ሰው ደግሞ በአንድ ሙሌት ብቻ ከአንድ የሾርባ ማንኪያ ከማያንስ ውሃ ጋር ይታገላል።

ስለዚህ ማሽኑ በሠራ በየአምስት ደቂቃው ሁለቱን ብሎኖች አንድ በአንድ ትንሽ ላላ አድርገው ያስተንፍሱ። ነጩ ፈሳሽ ተፍቶ ተፍቶ ደረቅ አየር ብቻ ሲመጣ ይዝጉ። ጫፉን በአሮጌ ፎጣ ይሸፍኑት፤ ጆሮዎንም ይሸፍኑ፣ ድምፁ ቀልድ አይደለም። ሲዘጉ በጣት ብቻ ያጥብቁ። በፒንሳ የሚያጠብቅ ሰው የብሎኑን መቀመጫ ይቀጠቅጠውና ከዚያ ወዲያ የሚያፈስበትን ቦታ ሲፈልግ ይኖራል። ማሽኑን ሲያስነሱም ሲያጠፉም ብሎኖቹ ክፍት ይሁኑ፤ ሞተሩ ጫና ተሸክሞ መነሳት የለበትም። የውሃው ፓምፕ ከሁሉም ቀድሞ ይነሳል፣ ከሁሉም በኋላ ይጠፋል። በኮምፕሬሰሩና በጠመንጃው መካከል ደግሞ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ያለበት ማጣሪያ ያስገቡ። ፍሬውን በጊዜው ካልቀየሩት ማጣሪያው ጌጥ ነው።

እኔ ለጠላቂዎች ጠርሙስ የሚሞሉ ትልልቅ ኮምፕሬሰሮችን ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና የእርስዎንም ማሽን የማየው በዚያ ዓይን ነው። እነዚያ አየሩን በሦስት ወይም በአራት ደረጃ ነው የሚጨምቁት። 300 ባር ለመድረስ ባለአራት ደረጃው በእያንዳንዱ እርምጃ አየሩን አራት እጥፍ ያህል ብቻ ያጠብበዋል። የእርስዎ ባለሁለት ፒስተን ያንኑ መንገድ በሁለት እርምጃ መጨረስ ስላለበት በእያንዳንዱ 17 እጥፍ ይጨምቃል። አየር በተጨመቀ ቁጥር ይግላል። ዋጋው የቀነሰው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን የሚከፍሉት በሙቀት ነው። ቴስታታው ላይ ያለው መለኪያ 60 ዲግሪ ሲደርስ ያጥፉትና ይረፍ። ባልዲው ውስጥ ውሃ ሞልተው በረዶ ያደረጉትን የፕላስቲክ ጠርሙስ ጣል ቢያደርጉ ይረዳል።

የእርስዎ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ስስ ነው። ሻጩ በጻፈው ደቂቃ አይሞላም፤ በአንድ አምስተኛ ያህል ጊዜ ይጨምሩለት። (አዲስ አበባ ቢሆንማ የባሰ ይዘገይ ነበር።) በሌላ በኩል የኮሎራዶ አየር ደረቅ ነው፤ ከዚህ በታች የጻፈልን የሂውስተኑ ወጣት በዚህ ቢቀናብዎት አይፈረድበትም።

ዘይቱን በተመለከተ፦ የመኪና ሞተር ዘይት አይጨምሩ። የሞተር ዘይት ውሃንና ቆሻሻን በውስጡ እንዲይዝ የሚያደርግ ማጠቢያ ቅመም አለው፤ እዚህ የሚፈለገው ደግሞ ውሃው ተለይቶ እንዲወጣ ነው። በዚህ ግፊትና ሙቀት ያልተመረጠ ዘይት ቫልቩ ላይ ከሰል ይጋግራል፤ ሲብስም ሲሊንደሩ ውስጥ ሊቀጣጠል ይችላል። ለከፍተኛ ግፊት ኮምፕሬሰር የተሠራ ሲንተቲክ ዘይት ይግዙ፤ በጎን ካለው የመስታወት መስኮት ወገብ ከፍ እስኪል ይሙሉ። የመጀመሪያውን ዘይት ከአንድ ሰዓት ያህል ሥራ በኋላ ይቀይሩት። ግራጫ ሆኖ፣ ብርሃን ላይ ሲያዩት የብረት ብናኝ እያብለጨለጨ ይወጣል። አይደንግጡ፤ አዲሱ ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር ሲላመድ የፋቀው ነው። ሁለተኛው ቅየራ ላይም እንደዚያው ካብለጨለጨ ግን ያን ጊዜ ይጻፉልኝ።

ክረምት ሲመጣ ጋራዥዎ የሚበርድ ከሆነ ውሃውን ከቱቦውና ከሲሊንደሩ ዙሪያ አፍስሰው ያስቀምጡት፣ ወይም የመኪና አንቱፍሪዝ ይቀላቅሉበት። ውሃ በረዶ ሲሆን ብረት ይሰነጥቃል፤ ይህንን ደግሞ ሻጩ አይተካም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የእኔም ኮምፕሬሰር ያው ባለሁለት ፒስተኑ ነው። እስከ ቅርብ ጊዜ 300 ባር ይደርስ ነበር። አሁን 150 ላይ ሲደርስ ሞተሩ ይዞራል፣ ጌጁ ግን አይነቃነቅም። ጓሮ ድረስ በረጅም የኤሌክትሪክ ማራዘሚያ ነው የማሠራው። ፒስተኑ አልቆ ይሆን?
ከሂውስተን

መልስ፦ ይመስገን ልጄ። ፒስተኑ ላይ ከመድረስህ በፊት ብዙ ርካሽ ነገር አለ። ማሽኑን አስነሳ፤ 100 ባር ሲደርስ የሳሙና ውሃ በብሩሽ እየቀባህ አረፋ የሚነፋበትን ፈልግ። መጀመሪያ ማስተንፈሻ ብሎኖቹ፣ ቀጥሎ ቱቦው ከጠመንጃው የሚገናኝበት ቦታ ያለው ኦሪንግ (የላስቲክ ቀለበት)፣ ከዚያ የደኅንነት ዲስኩ። አረፋ ያየህበትን ቦታ ግፊት እያለ በመፍቻ አትንካው። አጥፋ፣ አየሩን ሙሉ በሙሉ አስተንፍስ፣ ጌጁ ዜሮ ይበል፣ ከዚያ ፍታ። አዲሱን ኦሪንግ ስታስገባ የምትቀባው የሲሊኮን ግሪስ ብቻ ይሁን፤ የመኪና ግሪስ በዚህ ግፊት እሳት ነው።

የደኅንነት ዲስኩ ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ተቀዶ ማሽኑንና አንተን የሚያድን ትንሽ ስስ ብረት ነው። ቶሎ ቶሎ ተቀደደብኝ ብለው ሁለት ደርበው የሚያስገቡ ሰዎች አጋጥመውኛል። ቀጥሎ የሚቀደደው ቱቦው ወይም ታንኩ እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ከውጭ የሚያፈስ ካጣህ ወደ ውስጥ እንሂድ። የዘይት መሙያው ክዳን ላይ ያለችውን መተንፈሻ ቀዳዳ እጅህን አስጠግተህ ዳስሳት። ጫናው ሲጨምር እየገፋች የምትተነፍስ ከሆነ አየሩ በፋሻው በኩል ወደ ታች እያለፈ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚያልቀው የትንሹ፣ የከፍተኛ ግፊቱ ፒስተን ፋሻ ነው። ጥገናው በቤት የሚሠራ ነው፤ መለዋወጫውም ለብቻው ይሸጣል። ቀዳዳዋ ካልገፋች ቫልቮቹን አውጥተህ እይ፤ በሂውስተን እርጥበታም አየር ማጣሪያ ሳታስገባ ከሠራህ ዝገትና የተጋገረ ከሰል ታገኝባቸዋለህ።

ማራዘሚያውን ግን ዛሬውኑ አንሳው። ማሽንህ 1,800 ዋት ከሆነ በ120 ቮልት 15 አምፒር ይስባል። 100 ጫማ ርዝመት ያለው ባለ16 ቁጥር ሽቦ በዚያ ጭነት 12 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይበላል። ሞተሩ ይግላል፣ ያቃስታል፣ በመጨረሻም ይቃጠላል። ባለ20 አምፒር ብሬከር ካለው መስመር በቀጥታ ሰካው፤ ጠመንጃውን ወደ ኮምፕሬሰሩ አምጣው እንጂ ኮምፕሬሰሩን ጓሮ አትውሰደው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ በያጅ ነው። ኮምፕሬሰር ከምገዛ ከእሱ የኦክስጅን ሲሊንደር ጠመንጃዬን መሙላት እችላለሁ? ያገለገለ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የካርቦን ፋይበር ታንክም በርካሽ አግኝቻለሁ።
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ኦክስጅን በፍጹም። ጠመንጃው ውስጥ ያለች አንዲት የዘይት ጠብታ በከፍተኛ ግፊት ኦክስጅን ስታገኝ ትፈነዳለች። ወንድምዎም በያጅ ከሆኑ ይህንን ያውቃሉ፤ የኦክስጅን መቆጣጠሪያን ዘይት በነካው እጅ እንኳ አይነኩትም። ናይትሮጅን ግን ይቻላል፤ ደረቅ ስለሆነ ለጠመንጃው ይስማማዋል። ለግፊቱ የተሠራ መቆጣጠሪያና ቱቦ ያስፈልገዋል።

ታንኩን ከመግዛትዎ በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን የተሠራበትን ቀን ያንብቡ። በአሜሪካ እንዲህ ዓይነቱ ታንክ በየ5 ዓመቱ በውሃ ግፊት ይፈተሻል፤ ዕድሜውም አብዛኛውን ጊዜ 15 ዓመት ነው። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚሸጡት ብዙውን ጊዜ ዕድሜው ሲያልቅ ነው። ዋጋው የረከሰውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።