ክትሩን ከማሳደጋችሁ በፊት ዘራችሁን አስቀምጡ

ወንድሜ፣ «ወንዙ ዘንድሮም ማሳችንን ዋጠው፤ ገንዘብ አዋጥተን የአፈር ክትሩን ከፍ እናድርገው ወይስ ሌላ ዘዴ አለ?» ብለህ ጠይቀሃል። እኔም ወንዝ ዳር ስለማርስ የማውቀውን ልንገርህ።

ክትሩ ይጠገን። ግን መዋጮውን በሙሉ እሱ ላይ አታፍስሱ። ክትር መካከለኛ ጎርፍ ያቆማል፤ ከባዱን አይችለውም። ሲጣስ ደግሞ ውሃው መውጫ አጥቶ ማሳው ላይ ይተኛል። የእናንተን ባሳደጋችሁ ቁጥር ውሃው ወደ ማዶ ሰዎች ይገፋል፤ የእሱ ጸብ ሌላ ጣጣ ነው። ዝናቡም እንደ ድሮው አይደለም። አየር በ1 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እንፋሎት ይይዛል፤ ሲጥል በአንዴ ይዘረግፈዋል።

እኛን የበለጠ የጎዳን ውሃው ከሸሸ በኋላ ያለው ጊዜ ነው። መሬቱ ረጥቧል፣ ወቅቱ ገና አላለፈም፣ የሚዘራ ዘር ግን የለም። የገበያው ዋጋ ያኔ አይቀመስም። አሁን ዘሩን በደንብ አድርቀን፣ አየር በማያስገባ ዕቃ ከድነን፣ ከፍ ያለ ቆጥ ላይ እናኖራለን። ከዋናው ሰብል ሌላ ቶሎ የሚደርስ፣ እንደ ሽምብራ በቀሪ እርጥበት የሚበቅልም እንይዛለን። ጎርፍ የነካውን እህል ግን ለመብል አትሞክሩት፤ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ሊያመጣ ይችላል።

ሰብሉንም እንደ ቦታው ለዩ። ለጋ በቆሎ ውሃ ከዋጠው ከጥቂት ቀን በላይ አይቆይም፤ ሥሩ አየር ያጣል። ረባዳውን ማሳ ለሩዝ መተው ይሻላል። ሕንድ ውስጥ ከ2009 ጀምሮ የሚዘራው «ስዋርና ሰብ 1» የተባለ ዝርያ ውሃ ውስጥ ተደፍቆ 2 ሳምንት ያህል ይቋቋማል። ባንግላዴሾች ደግሞ እንቦጩን ከምረው ተንሳፋፊ መደብ ሠርተው አትክልት ያለሙበታል። አረሙ ከጠፋማ ምን ሊሠሩ ነው!

ውሃው እንደሸሸ በበሬም በትራክተርም አትግቡ። እርጥብ አፈር ሲረገጥ ይጠቀጠቃል፤ ጉዳቱ ለቀጣዩ ዓመትም ይተርፋል።

ከወንዙ ላይኛው በኩል የሚኖር የምታውቁት ሰው ካለ ስልኩን ያዙ። ውሃው እዚያ ሲሞላ ቢደውልላችሁ ከብቱን ወደ ከፍታ ለማውጣት ጊዜ ታገኛላችሁ።

ለመሆኑ መሬታችሁ መረሬ (ጥቁር ሸክላማ አፈር) ነው ወይስ አሸዋማ? የማፋሰሻው ቦይ በእሱ ይወሰናል።