ሬንጀሮቹ ሳሩን እናቃጥል አሉኝ፤ እሺ ልበል?

ጥያቄ፦ በሰሜን አውስትራሊያ፣ ከዳርዊን በስተደቡብ አነስተኛ የከብት እርባታ አለኝ። ከአጥሬ ማዶ ያለው መሬት የአቦርጂናል፣ የአገሩ ነባር ሕዝብ፣ ማኅበረሰብ ነው። ሰሞኑን መሬቱን የሚጠብቁት ሬንጀሮቻቸው መጥተው «በአጥሩ ግራና ቀኝ ያለውን ሳር በግንቦት አብረን እናቃጥለው» አሉኝ። እኔ ጎጃም፣ ገበሬ ቤት ነው ያደግሁት። እኛ ዘንድ ግጦሽ ማቃጠል ነውር ነው። ካቃጠልኩስ ከብቶቼ ዝናብ እስኪመጣ ምን ይበላሉ? ከብቶቹ እስከ ነሐሴ ይብሉትና ከዚያ በኋላ ቢቃጠል አይሻልም? ደግሞ አንዱን ጥግ ከሰው ቁመት የሚበልጥ ሳር ወሮታል። እሱንስ እሳቱ ይጨርስልኝ ይሆን?

መልስ፦ ወንድሜ፣ እሺ ይበሏቸው። ነሐሴ ያሉትን ግን ይተዉት። እሱ ነው አደጋው።

እርስዎ ያሉበት አገር ወቅቱ የኛ ተቃራኒ ነው። ዋናው ዝናብ ከኅዳር እስከ መጋቢት ይጥላል። ከግንቦት እስከ መስከረም ጠብ የሚል ነገር የለም ማለት ይቻላል። በግንቦት አፈሩ ገና እርጥበት አለው፤ ሳሩም አናቱ ደርቆ እግሩ አረንጓዴ ነው። ሌሊት ጤዛ ይወርዳል። በዚህ ጊዜ የተለኮሰ እሳት ዝቅ ብሎ፣ ቀስ እያለ ይሄዳል። ብዙ ጊዜም ማታ ቀዝቀዝ ሲል ራሱ ይከስማል። በነሐሴና በመስከረም ሁሉም ነገር ክው ብሎ ደርቋል፣ ነፋሱም በርትቷል። ያኔ የተነሳ እሳት አጥር አያቆመውም፤ ቀን ከሌት እየነደደ የጎረቤትንም መሬት ይዞ ይሄዳል።

ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት እነዚያው ሬንጀሮች ናቸው። ከእርስዎ በስተምሥራቅ ባለው በካካዱ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ነባሩ ሕዝብ ዓመቱን በስድስት ወቅት ይከፍላል። ከግንቦት እስከ ሰኔ አጋማሽ ያለውን «የጌ» ይሉታል። የማቃጠያው ጊዜ መድረሱን የሚያውቁት ቀን ቆጥረው አይደለም። ደረቁ ነፋስ ሲጀምርና «ዉሊበት» የሚባለው ባሕር ዛፍ ብርቱካንማ አበባውን ሲያወጣ፣ ጫካውን ቁራጭ ቁራጭ አድርገው ያቃጥላሉ። አንዱን ቦታ አቃጥለው ሌላውን ይዘሉታል። የተቃጠለው ቦታ ኋላ ለሚመጣው ትልቅ እሳት መቆሚያ ይሆናል። ያልተቃጠለው የአውሬው መጠለያ ነው።

ሥራቸው ይህን ያህል ትልቅ መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በምዕራብ አርነም ላንድ የድንጋይ አምባ ላይ የሚኖረው ሕዝብ ባለፈው ክፍለ ዘመን ወደ ሚሲዮንና ወደ ከተማ ወረደ። አምባው ሰው አልባ ሆነ። ቀድሞ የሚያቃጥለው ስለጠፋ በየዓመቱ በደረቁ ወቅት ማብቂያ ግዙፍ እሳት ይነሳ ጀመር። እንደ ባርዳያል ናጃመሬክ ያሉ ሽማግሌዎች ይህን አይተው ዝም አላሉም። ባርዳያል ስመ ጥር ሠዓሊም ነበሩ። ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ አምባው ተመለሱና ከሳይንቲስቶች ጋር ቁጭ ብለው መከሩ። በ2006 እ.ኤ.አ. 28,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሸፍን የእሳት ሥራ ተጀመረ። ሬንጀሮቹ ቀድመው በማቃጠል የኋለኛውን እሳት ይቀንሳሉ፤ ከእሳቱ የሚወጣው፣ ምድርን የሚያሞቀው ሚቴንና ናይትረስ ኦክሳይድ የሚባል ጋዝም አብሮ ይቀንሳል። ዳርዊን የሚገኝ የጋዝ ፋብሪካ ራሱ የሚለቀውን ጋዝ ለማካካስ ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ወደ 1 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ለመክፈል ተዋዋለ። የአካባቢው ባለቤቶች በ2007 «ዋርደከን» የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቋሙ። በ2009 ደግሞ 1.4 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬታቸው በራሳቸው የሚተዳደር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ታወጀ። ልጆቻቸው ከሬንጀር ወላጆቻቸው ሳይለዩ እንዲማሩም እዚያው አምባው ላይ ትምህርት ቤት ከፍተዋል።

ይህን ሁሉ የምነግርዎት ከአጥርዎ ማዶ የሚያነጋግርዎትን ሰው በሚገባው ዓይን እንዲያዩት ነው። ሬንጀሩ የሚያቃጥለው ራሱ ባመቸው ቀን ተነስቶ አይደለም። ስለዚያ መሬት የመናገር መብት ያላቸው ሽማግሌዎችና እናቶች አሉ። መቼና የት እንደሚቃጠል፣ የትኛው ቦታ እንደማይነካ ቃል የሚሰጡት እነሱ ናቸው። ስለዚህ «ቅዳሜ ይመቸኛል፣ እንዲህ አድርጉልኝ» ብለው አይጀምሩ። መጀመሪያ «የሚናገረው ሰው ማን ነው? ላግኘው» ይበሉ። ቀኑን እነሱ ይወስኑ።

በአጥሩ ዳር በግሬደር የእሳት መከላከያ መንገድ ልጠርግ ብለው አስበው ከሆነ ደግሞ ከመጥረግዎ በፊት ይጠይቋቸው። ቅዱስ ቦታ በእርስዎ ይዞታ ውስጥም ሊኖር ይችላል። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የግዛቱ ሕግ የግል መሬት ላይ ያለውንም ይጠብቃል፤ ማበላሸት ያስቀጣል። ከግዛቱ የእሳት መሥሪያ ቤትም ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አስቀድመው ያረጋግጡ።

ነውር ነው ያሉት ነገር ይገባኛል። ጎጃም ውስጥ እያንዳንዷ ጭድ ዋጋ አላት። ግን አገራችንም አንድ ዓይነት አይደለችም። የቦረና አርብቶ አደር ቁጥቋጦን የሚቆጣጠረው በእሳት ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ማቃጠል ከተከለከለ በኋላ ግጦሹን ቁጥቋጦ እየዋጠው ሄደ።

አሁን ወደ ከብቶቹ። መኖ ያልቃል የሚለው ስጋትዎ ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ሁሉን አለማቃጠል ነው። በአጥሩ ግራና ቀኝ ሰቅ ያቃጥሉ፤ ከውስጥ ደግሞ አንድ ሁለት ቦታ ከሬንጀሮቹ ጋር ይምረጡ። ሌላው ይቅር። ለነሐሴ የሚያቆዩት ሳር ከሩቅ ሲያዩት ብዙ ይመስላል እንጂ ፕሮቲኑ አልቋል። ከብቱ ሆዱን ሞልቶ እየከሳ የሚሄደው ለዚህ ነው። በዚያ ወቅት የሚረዳው ዩሪያ የተቀላቀለበት የሚላስ ጨው ነው። ዝናብ እንዳያገኘው ብቻ ይጠንቀቁ፤ የዩሪያ ውሃ የጠጣ ከብት ይሞታል።

ሰዎች የሚሳሳቱት ከእሳቱ በኋላ ነው። በተቃጠለው ቦታ ለስላሳ አረንጓዴ ቡቃያ ብቅ ይላል። ከብቱ ያንን ካየ ሌላውን ትቶ እዚያው ይሰፍራል፣ ሳሩንም እስከ ሥሩ ይግጠዋል። ያቃጠሉት ቦታ ትንሽ ከሆነ ጉዳቱ ይብሳል። ቋሚው ሳር እያደር ይጠፋና ቦታውን አረም ይይዘዋል። ስለዚህ ቦታውን በኤሌክትሪክ ገመድም ቢሆን ይከልሉት። ዝናቡ ገብቶ ሳሩ ሥር እስኪሰድ፣ ከመጀመሪያው ጥሩ ዝናብ በኋላ ስድስት ስምንት ሳምንት ያህል፣ ከብት አያስገቡበት።

በማቃጠያው ቀን ከብቶቹን ከወዲያኛው ጥግ፣ ውሃ ካለበት ያቆዩ። የእንጨት ቋሚዎች ካሉ ዙሪያቸውን ባዶ አፈር እስኪታይ ይጥረጉ። ሬንጀሮቹ ለዚህ የቅጠል መንፊያ ማሽን ይዘው ይመጣሉ፤ እየነፉ ሲሄዱ ጠባብ የአፈር መንገድ ያወጣሉ፣ ከዚያ ከነፋሱ በተቃራኒ ይለኩሳሉ። ማሽኑን ተቀብለው አብረዋቸው ይሥሩ። ሲያልቅም ግንዶቹን ይዩ። ጥቁረቱ ከታች ከቀረና ቅጠሉ ካልጠወለገ እሳቱ በልክ ነበር።

ስለዚያ ረጅም ሳር። ቦታው ላይ ሳላየው ቁርጡን ባልናገርም ጋምባ ሳር እንደሆነ እጠረጥራለሁ። ከአፍሪካ ለከብት መኖ ተብሎ የመጣ ነው፤ እስከ 4 ሜትር ይረዝማል። ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት አደገኛ አረሞች አንዱ ነው። እሳት አይገድለውም። ተቃጥሎ ተመልሶ ያቆጠቁጣል፣ ራሱ ደግሞ ከአገሬው ሳር ብዙ እጥፍ የበረታ እሳት ይፈጥራል። እንግዲህ በግንቦቱ እሳት ጨርሶ አያስገቡት። ያለበትን ቦታ ለሬንጀሮቹ አስቀድመው ያሳዩ፤ እሳቱ እንዳይደርስበት ዙሪያውን ይጠርጋሉ። የአረም ማጥፊያ መድኃኒቱን፣ ግላይፎሴትን ማለቴ ነው፣ በዝናቡ ወቅት ሳሩ ለምለም ሳለ፣ ዘር ሳያወጣ ይርጩት። በሚቀጥለው ዓመት ከዘሩ የሚበቅል ይኖራል፤ ተመልሰው ይርጩ። ከዚያ ጥግ የወጣ መኪናም ሆነ ማጨጃ ሳይታጠብ ወደ ማዶ አይሻገር።