ብርቱካን ያልገዛሁላቸው አባት

ባለፈው ሳምንት ቱሉ ዲምቱ ሆስፒታላችን ለልምምድ የመጣች የነርሲንግ ተማሪ «ሲስተር፣ የኦረምን የነርሲንግ ቲዎሪ ለፈተና ሸምድደን ብንረሳው ምን ይጎዳናል?» አለችኝ። ዝም አልኩ። የአንድ አባት ፊት መጣብኝ።

1986 ዓ.ም.፣ ክረምት ነው። ከአቃቂ ማዶ የመጡ ገበሬ ነበሩ። ስኳር እንዳለባቸው ያወቁት እኛ ዘንድ ነው። ጠዋት ማታ ኢንሱሊናቸውን እወጋለሁ፤ እግራቸውን አጥባለሁ። አንድ ቀን ብልቃጡን አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አገላብጠው አዩት። «ይተኙ አባቴ፣ እኔ አለሁልዎት» ብዬ ተቀበልኳቸው። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ሲወጡ ሁለት ብልቃጥ ሰጥተን «ጤና ጣቢያ እየሄዱ ይወጉ» አልናቸው። ጤና ጣቢያው ከወንዝ ማዶ ነው። ወንዙ ሞላ። በሦስተኛው ሳምንት በቃሬዛ መጡ። ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ነው፤ አፋቸው የበሰለ ፍራፍሬ ይሸታል። ባለቤታቸው የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ብልቃጦቹን አወጡ። አንዱ ጭራሽ አልተከፈተም። እንዳይሞቅ እንደነገርናቸው እንስራው ሥር እርጥብ አሸዋ ውስጥ ነው ያቆዩት። «የሚወጋልን ሰው አጣን» አሉኝ። በማግስቱ ሌሊት አረፉ።

ኦረምን እኔም ለፈተና ሸምድጃት ነበር። አሜሪካዊቷ ነርስ ዶሮቲያ ኦረም በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው መጽሐፍ የምትጠይቀው ቀላል ነገር ነው፤ በሽተኛው ለራሱ ምን ማድረግ ይችላል? ካልቻለስ ያጣው አቅም ነው ወይስ እውቀት? አንዳንዱን ነርሷ ሙሉ በሙሉ ትረዳዋለች፣ ከአንዳንዱ ጋር ሥራውን ትካፈላለች፣ አንዳንዱን ታስተምራለች። እኚያ አባት እጃቸው ጤነኛ ነበር። ብርቱካን ገዝቼ በብርቱካኑ ላይ መርፌ አወጋግ ባለማምዳቸው ምን ነበረበት!

የዘመናዊ ነርሲንግ መሥራቿ ናይቲንጌል በ1859 እ.ኤ.አ. ስለ ንጹሕ አየርና ብርሃን ስትጽፍ፣ ሌላዋ የነርሲንግ ምሁር ፔፕላው በ1952 እ.ኤ.አ. በነርስና በበሽተኛ መካከል ስላለው ግንኙነት ስትጽፍ፣ የተነሱት ከበሽተኛ አጠገብ ነው። የዛሬ ልጆች የመድኃኒት ስሌት ላይ ከእኛ ትበልጣላችሁ። አስታማሚን ግን ቀና ብላችሁ አታዩም፤ ዓይናችሁ ስልክ ላይ ነው።

ቲዎሪ ያዙ እያልኩ ደግሞ ኦረም ብቻዋን ለእኛ አትበቃም እላለሁ። እሷ የምትጀምረው ከግለሰቡ ነው፤ እኛ ጋ በሽተኛ ብቻውን አይታመምም። ባህልን ወደ ነርሲንግ ያስገባችውን ሌይኒንገርንም አንብቡ። የእኚያ አባት ባለቤት መርፌውን ቢማሩት ኖሮ እላለሁ፣ እስከ ዛሬ።

ለልጅቷ ያልኳት ይኸው ነው። ስድስት ቁጥር አልጋ ያሉት እናት ኢንሱሊን ጀምረዋል፤ ሐሙስ ይወጣሉ። ልጃቸው ማታ ማታ ምግብ ይዛ ትመጣለች። እሷም ትጠራ።