መልስ፦ ከውጭ ለሚመጡ ተማሪዎች ጎንደርን በአንድ ቀን ማስጎብኘት

ሰላም መምህር፣ ተማሪዎቼን ይዤ ስመጣ ለጎንደር አንድ ቀን ይበቃኛል ወይ ብለው ጠይቀዋል። ይበቃል፤ ግን ሁሉን ላዳርስ ብለው ልጆቹን አያሯሩጧቸው።

ጠዋቱን በሙሉ ለፋሲል ግቢ ይስጡት። አጥሩ ብቻ 900 ሜትር ይረዝማል፣ 12 በር አለው፤ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አብዛኛው አስጎብኚ የአጼ ፋሲልን ግንብ አሳይቶ ወደ መውጫው ይቸኩላል፤ እባክዎ እሺ አይበሉት። የአድያም ሰገድ ኢያሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ አስገብተው ቀና እንዲሉ ያድርጓቸው። ጣሪያ የለም፣ የሚታየው ሰማይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1704 የመሬት መንቀጥቀጥ ጎዳው፤ ጣሊያን ከተማዋን ይዞ ሳለ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ አገኘው። እኔ ልጅ ሆኜ ታሪክ የገባኝ እዚያ ቆሜ ነው።

ምሳ ፒያሳ ይብሉ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን፤ ጫማ ስለሚወለቅ ካልሲ አይርሱ፣ በፍላሽ ፎቶ ማንሳትም ክልክል ነው። ጣሪያው ላይ ዓይናቸውን ያፈጠጡ የመላእክት ፊቶች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ልጆቹን ዝም ብለው ይተዋቸው፣ ይዩ።

ማምሻውን ፋሲል መዋኛ ይሂዱ። ገንዳው የሚሞላው ለጥምቀት ስለሆነ ውሃ እንዳይጠብቁ ቀድመው ይንገሯቸው። የዛፎቹ ሥር ግን የድንጋዩን አጥር እንደ ጣት ጨብጦ ይዞታል።